ቀለሟን አትንኩ፦ ስለ አሮጌ የውድድር ሞተሮች ጥያቄና መልስ ከደሴ

«አሮጌ ሞተር ሳይክል ያላችሁ፣ ታሪኳን ማወቅ የምትፈልጉ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። እንዲህ ይጎርፋል ብዬ ግን አላሰብኩም። ከሐይቅም፣ ከወልዲያም፣ ከባቲም መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። የፈረንጅ ሞተር የተሠራበትን ዓመት በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የኛን ስጽፍ «ዓ.ም.» እላለሁ። በሉ እንጀምር።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሸዋ በር)፦ ጋሼ፣ አያቴ የተዉልን አንዲት ጉዚ የምትባል ሞተር ሳይክል አለች። ሰፈሩ ሁሉ «የጣሊያን የውድድር ሞተር ናት» ይላል። እውነት ይሆን?

ወንድሜ፣ እኔም ወደዚህ ሱስ የገባሁት በዚችው ወሬ ተሸውጄ ነው። ከጦሳ ተራራ ሥር ካለ አንድ ግቢ፣ ከማሽላ ጆንያ በታች ተኝታ ያገኘኋት ቀይ ጉዚ ነበረች። «የውድድር ናት» ተባልኩ። ቀይ ቀለሟን አየሁና አመንኩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የጣሊያኑ ጉዚ ፋብሪካ በዚያ በወረራው ዘመን ለሽያጭ ያቀረባት ዝነኛ የውድድር ሞተር «ኮንዶር» ትባላለች። የተሠራችው ከ1938 እስከ 1940 ነው። 500 ሲሲ፣ 28 የፈረስ ጉልበት ገደማ፣ ክብደቷ 140 ኪሎ ያህል፣ ፍጥነቷ በሰዓት ወደ 160 ኪሎ ሜትር። በ1940 ከሚላኖ ታራንቶ ድረስ የሚሮጠውን ውድድር ያሸነፈችው እሷ ነች። የሠራዊቱ ሞተር ደግሞ «አልቼ» ናት፣ ከ1939 እስከ 1945 የተሠራች። የሷ ጉልበት 13 ገደማ ነው። 90 ኪሎ ሜትር ከሄደችልህ ተመስገን ነው።

ችግሩ ሁለቱም ሲሊንደራቸው ወደ ፊት የተጋደመ ነው። ሁለቱም በጎን ትልቅ ቮላኖ (የሚዞር ከባድ የብረት ክብ) አላቸው። የፒስተናቸው ስፋትና ምት እንኳ አንድ ነው፣ 88 በ82 ሚሊ ሜትር። ከሩቅ ላያቸው እህትማማች ናቸው።

ስለዚህ ከተሰበረ ስፒከር ማግኔት አውጣ። የሲሊንደሩን ክንፎች አስነካው። ጥብቅ ብሎ ከያዘ ሲሊንደሩ ብረት ነው፤ ኮንዶርህን እርሳት። የኮንዶር ሲሊንደርና ቴስታታ (የሲሊንደሩ ክዳን) አሉሚኒየም ነው፣ ማግኔት አይዝም። ቀጥሎ ቫልቮላዎቹን (አየር የሚያስገቡትንና ጭስ የሚያስወጡትን በሮች) እይ። ኮንዶር ሁለቱም ከቴስታታው ላይ ናቸው። አልቼ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከጎን ነው።

የኔዋ ላይ ማግኔቱ «ጧ» ብሎ ተለጠፈ። ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ሌላው ነገር ማሰብ ነው። ጣሊያን ደሴን የያዘው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋን ያጣው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም.። በዚያ መሀል እዚህ የደረሰው አብዛኛው ሞተር የጦርና የመልእክት ሞተር ነው። ለዘመቻ የሚሄድ ሰው የውድድር ሞተር ጭኖ ይመጣል? አንዳንድ እብድ አይጠፋም እንበል። መጀመሪያ ግን ማግኔቱ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ዝጋለች። ከማሳየቴ በፊት ልፋቃትና ቀለም ላስቀባት?

በሞቴ እንዳታደርገው!

የራሴን ጥፋት ልንገርህ። ያችን ቀይ ጉዚ በገዛኋት በሦስተኛው ቀን ሰርባትዮዋን (የቤንዚን ታንከሯን) በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ጀመርኩ። ከቀዩ ሥር ግራጫ አረንጓዴ ቀለም ወጣ፣ የጣሊያን ሠራዊት ቀለም። ያኔ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም፤ እጄ ሞቆ ነበር። በኋለኛው ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) ላይ ስደርስ በነጭ ቀለም በእጅ የተጻፈ ቁጥር ብቅ አለ። እኔ ያየሁት ግማሹ ከሄደ በኋላ ነው። የቀረው አንድ ሙሉ 7 እና የሌላ ቁጥር ጅራት ብቻ ነው። 3 ይሁን 5 ይሁን 9 ዛሬም አላወቅሁም። በዚያ ቁጥር የነበረችበትን ክፍል ማግኘት ይቻል ነበር። በሁለት ብር ወረቀት ፋቅሁት።

ስለዚህ ናፍጣ በነካ ጨርቅ አቧራዋን ብቻ ጥረግ። ከዚያ በጠዋት ፀሐይ፣ ጎን ለጎን በሚመጣ ብርሃን ፎቶ አንሳት። ሥር ያለ ጽሑፍ የሚታየው በዚያ ብርሃን ነው። ቀለም ተላጥቶ ከሆነ በተላጠበት በኩል ስንት ድርብ እንዳለ ቁጠር፤ እያንዳንዱ ድርብ አንድ ባለቤት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ (ወጣት መካኒክ፣ ከወልዲያ)፦ የእንግሊዙን የቢኤስኤ ፋብሪካ ጎልድ ስታር ሞተር አግኝቻለሁ። የሞተሩ ቁጥርና የሻንሲው ቁጥር ግን አይገጥምም። ተበልቻለሁ ማለት ነው?

አብሽር። አለመግጠሙ ብቻውን ምንም አይደለም። ቢኤስኤ በዚያ ዘመን ለሞተርና ለሻንሲ የተለያየ የቁጥር ተራ ነበረው። እንዲያውም ጎልድ ስታር ላይ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሆነው ካገኘሃቸው ያኔ ደንግጥ፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መትቶታል። ሌላው የእንግሊዝ ሥሪት ትራያምፍ ግን በአብዛኛው እኩል ነው የሚመጣው። ቪንሰንት፣ እሱም የእንግሊዝ ነው፣ ደግሞ የራሱ ቀልድ አለው፦ ከሁለተኛው ዓለም ጦርነት በኋላ በተሠሩት ላይ የኋላ ሻንሲው ቁጥር ከሞተሩ ቁጥር በ1900 ይበልጣል። ይህን የማያውቅ ሰው ደህናዋን ሞተር «የተገጣጠመች ናት» ብሎ ያጣጥላል።

አንተ መጨነቅ ያለብህ በፊደሎቹ ነው። የጎልድ ስታር ሞተር ቁጥር ላይ «ጂ ኤስ» የሚሉ ሁለት ፊደላት አሉ። ተራዎቹን የቢኤስኤ ሞተሮች፣ ቢ 31ንና ቢ 33ን፣ «ጂ ኤስ» መትተው የሚሸጡ ሞልተዋል። እዚህም ማግኔቱን አውጣ፦ የጎልድ ስታር ሲሊንደር አሉሚኒየም ነው፣ የተራዎቹ ብረት። ፊደሎቹንም በአጉሊ መነጽር እያቸው። ጥልቀታቸው ከጎናቸው ካሉት ቁጥሮች ጋር እኩል ነው? መስመራቸው አልተንጋደደም? ዙሪያው በፋይል ተሞርዶ አላበራም?

ስሟ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ? በ1937 ዋል ሃንድሊ የተባለ ተወዳዳሪ ብሩክላንድስ በሚባለው የእንግሊዝ የውድድር ሜዳ ላይ በቢኤስኤ አንዱን ዙር በሰዓት ከ100 ማይል በላይ ሮጠ። 100 ማይል ላለፈ የሚሰጠው ሽልማት ደረት ላይ የሚሰካ የወርቅ ኮከብ ነበር። ፋብሪካው በዓመቱ ያወጣትን ሞተር በዚያው «ጎልድ ስታር»፣ የወርቅ ኮከብ፣ ብሎ ጠራት።

ጥያቄ፦ ቁጥሩ በዝገት ተበልቷል። እንዴት ላንብበው?

ስስ ወረቀት ጣልበትና እርሳስ በጎኑ አስተኝተህ ቀስ ብለህ እሸው። ልጆች ሳንቲም እንደሚያወጡት ማለት ነው። ከማንበብህ በፊት ፎቶ አንሳ።

ሆን ተብሎ የተፋቀ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ቁጥር ሲመታ ብረቱ ከሥሩ ይጨመቃል፤ ላዩ ቢፋቅም የተጨመቀው ይቀራል። ባለሙያ በአሲድ ሊያወጣው ይችላል። አንተ ቤትህ እንዳትሞክረው። እንዲያውም እንዲህ ያለ ሞተር ከመግዛትህ በፊት «የተሰረቀ እንዳይሆን» በል።

ጥያቄ (አንዲት እህት፣ ከሐይቅ)፦ የአባቴ ሞተር ወረቀት የላትም። በጦርነቱ ጊዜ ቤታችን ሲዘረፍ ሊብሬው ጠፋ። ታሪኳን ከየት ልጀምር?

እህቴ፣ አይዞሽ። በ2014 ዓ.ም. ያ ነገር በኛም ቤት አልፏል፤ የጠፋው ወረቀት ብዙ ነው።

መጀመሪያ ታርጋዋ። አሮጌ ታርጋ ዝጎም ቢሆን እንዳትጥዪ። የቦሎ ወረቀት ቁራጭ ካለም አስቀምጪ። ሊብሬ፣ ታርጋ፣ ቦሎ… ሦስቱም ቃል የጣሊያን ነው። ካንዴላም፣ ፍሪሲዮንም እንደዚያው። ሰዎቹ ሄደው ቃሉ ጋራዥ ውስጥ ቀርቷል። ለመዝገብ ፍለጋም ይህ ይጠቅማል፤ አሮጌ ወረቀት ላይ ያለው ጽሑፍ ጣሊያንኛ ከሆነ ምን እንደሚል በግማሽ ታውቂዋለሽ ማለት ነው።

ከዚያ መዝገብ ቤት። እዚህ ላይ ልብ ይስጥሽ። እኔ አንድ ቢሮ ለአንድ ፋይል አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሻለሁ። በአሥራ አንደኛው «ፋይሉ አለ፣ ቁልፉ የለም» አሉኝ። የሞተር ቁጥሩን፣ የሻንሲ ቁጥሩንና የታርጋ ቁጥሩን ለይተሽ በአንድ ወረቀት ጽፈሽ ሂጂ። በስም ብቻ አትጠይቂ፤ የአባት ስም አጻጻፍ በየመዝገቡ ይለያያል።

ውጭ አገር ደግሞ እንደ ሥሪቷ ነው። የእንግሊዝ ከሆነች በ1946 የተመሠረተው ቪንቴጅ ሞተር ሳይክል ክለብ ቤተ መጻሕፍት አለው። የቢኤስኤና የትራያምፍ የፋብሪካ መዝገብ እዚያ ይገኛል። ቁጥርሽን ትልኪያለሽ፤ መቼ ከፋብሪካ እንደወጣችና ለየትኛው ሻጭ እንደተላከች ይነግሩሻል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። «አባቴ ከእንግሊዝ ያስመጣት» የተባለች ሞተር መዝገቡ ላይ ሌላ አገር ተልካ ልትገኝ ትችላለች። ጣሊያን ውስጥ ታርጋ የወጣላት ከሆነ ደግሞ ከ1927 ጀምሮ የተሽከርካሪ መዝገብ አላቸው፤ ባለቤቶቿን በየተራው ያወጣሉ። የሠራዊት ሞተር ግን እዚያ አትገኝም።

ጥያቄ፦ ሽማግሌዎችን ስጠይቅ ሁሉም የየራሱን ይነግረኛል። ማንን ልመን?

ማንንም አትመን፣ ሁሉንም ጻፍ። ቀን፣ ቦታ፣ የነገረህ ሰው፣ በራሱ ቃል።

ስትጠይቅ ደግሞ «ይቺ ሞተር የውድድር ነበረች?» አትበል። ትልቅ ሰው እንግዳ ማስቀየም አይወድም፤ «አዎ ልጄ» ይልሃል። «ማን ነበር የሚነዳት? ቤንዚን ከየት ይቀዳ ነበር? ማታ የት ታድር ነበር?» በል። ትንንሹን ጥያቄ የሚመልስ ሰው እውነቱን ነው የሚያወራው።

አቦል ላይም አትቸኩል። ወሎ ውስጥ ቁም ነገሩ የሚመጣው በረካ ላይ ነው። እኔ አንዴ ቶና ላይ «ሥራ አለብኝ» ብዬ ተነሥቼ የአንድ ሞተር ታሪክ አምልጦኛል። ሰውየው በሳምንቱ ታመሙ፣ አላገኘኋቸውም።

ጥያቄ (ከባቲ)፦ ጉዚ ላይ ያለው ንስር ምንድን ነው? የፋሽስት ምልክት ነው የሚሉ አሉ።

አይደለም። ጉዚ የተመሠረተው መጋቢት 1921 ነው፣ ሙሶሊኒ ሥልጣን ሳይዝ። ሐሳቡ የሦስት ወዳጆች ነበር፤ በአንደኛው ጦርነት በጣሊያን ባሕር ኃይል የአየር ክፍል አብረው ያገለገሉ። ሦስተኛው፣ ጆቫኒ ራቬሊ፣ በ1919 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። የቀሩት ሁለቱ ለሱ መታሰቢያ ክንፉን የዘረጋውን ንስር አደረጉት። የሠራዊቷ ሞተር እዚህ ማንን ጭና እንደመጣች ግን እናውቃለን፤ እሱን ንስሩ አይሸፍነውም።

ጥያቄ፦ የኔዋ ስንት ታወጣለች?

አላውቅም። አንተም ታሪኳን ሳታውቅ አትሽጣት።

ጥያቄ (ከመጀመሪያው ጠያቂ)፦ ጋሼ፣ ያቺ የእርስዎ ቀይዋ ጉዚ ታዲያ የውድድር አልነበረችም ማለት ነው?

ይህን እንድትጠይቀኝ ስጠብቅ ነበር።

አልቼ ናት፣ አለቀ። ግን ሦስት ነገር አላስተኛ አለኝ። አንደኛ፣ የፊት ፓራፋንጎዋ የለም፤ ተሰብሮ ሳይሆን ቡሎኖቹ በሥርዓት ተፈትተው። ሁለተኛ፣ የግራ እግር ማሳረፊያዋ ጫፉ ጎን ለጎን ተበልቷል። እንዲህ የሚበላው ሰው ጥምዝ ላይ አስተኝቶ ሲነዳ፣ ብረቱ አስፋልት ሲልስ ነው። ሦስተኛው የካርቡራቶሪው ጂግለር ነው፣ ቤንዚን የሚያልፍበት ቀጭን ቀዳዳ ያለው ትንሽ ብሎን። ዴሎርቶ በሚባለው የጣሊያን ካርቡራቶሪ ጂግለር ላይ የተመታው ቁጥር የቀዳዳው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር መቶኛ። የኔዋ ቁጥሩ አለ፤ ቀዳዳው ግን በቀለጠ ቆርቆሮ ተደፍኖ እንደገና በቀጭኑ ተበስቷል። ወደ አንድ ጎን ትንሽ ዘንበል ብሎ። በእጅ የተሠራ ነው።

ይህን የሠራው ሰው ያውቃል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው 78 በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚከብደው። ለጣሊያን ቆላ የተበሳ ጂግለር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ሞተሯ ጥቁር ጭስ እየተፋች ትደክማለች። ለመልእክት የሚነዳ ሰው ይሄን ችሎ ይነዳል። ጂግለር የሚደፍን ሰው ፍጥነት የፈለገ ሰው ነው።

ወደ ሸጡልኝ እማማ ተመለስኩ። በረካ ላይ ተነገረኝ። ባለቤታቸው ጎማ ጠጋኝ ነበሩ። ከአንድ የየመናዊ ነጋዴ ልጅ ጋር በበግ ተወራርደው፣ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ድረስ ይሽቀዳደሙ ነበር። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከ600 ሜትር በላይ ዳገት፣ ጥምዝ በጥምዝ። «አንድ ጊዜ አይደለም ልጄ፣ በጉ እስኪሰለቸን» አሉኝ።

ወሬ ነው ብዬ ልተወው ስል ከሳጥን ፎቶ አወጡ። ሰውየው ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ሞተሯ ላይ ተቀምጠዋል። የፊት ፓራፋንጎ የለም። የቡሎኖቹ ባዶ ቀዳዳዎች ይታያሉ፣ ዛሬ የኔዋ ላይ ያሉት። ሰርባትዮዋ በጥቁርና ነጩ ፎቶ ላይ ጠቆር ብሏል። «ምን ዓይነት ቀለም ነበር?» አልኳቸው።

«ቀይ ነዋ፤ እኔ ነኝ የቀባኋት። የበር ቀለም ተርፎን ነበር።»

በሩ እስከ ዛሬ አለ። ሄጄ አየሁት።