በአንድ ትዕዛዝ የሚነሳ ሰርቨር፦ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ፍላስክ (በፓይተን ዌብሳይት መሥሪያው) ናቸው፣ ያው ተርሚናል ላይ «ፍላስክ ራን» ስትሉት ሌላ ምንም ሳታዋቅሩ ሰርቨሩ ሚነሳው ነገር።

ፍኖተ ሰላም ያለች ተማሪ፦ ላፕቶፔ ላይ ይከፈታል፣ ስልኬ ላይ እምቢ አለ።
ዝም ብለሽ ስታስነሺው 127.0.0.1 ላይ ብቻ ነው ሚያዳምጠው፣ ከራሱ ከላፕቶፑ ውጪ ማንም አያገኘውም። ሆስቱን 0.0.0.0 አድርጊና ስልክሽንም ላፕቶፕሽንም አንድ ዋይፋይ ላይ አርገሽ፣ ስልኩ ላይ የላፕቶፕሽን አይፒ (ብዙ ጊዜ በ192.168 ይጀምራል) ከነፖርቱ (ሰርቨሩ ሚያዳምጥበት ቁጥር፣ ካልቀየርሽው 5000) ጻፊ። ካልሆነ ፋየርዎሉን እዪው። የካፌ ዋይፋይ ላይ እንዳትሞክሪው ብቻ።

ፖርት 5000 ተይዟል ይለኛል።
ሌላ ተርሚናል ላይ ሳታጠፋ የረሳኸው ሰርቨር አለ፣ ኮንትሮል ሲ በለው። ማክ ከሆነ ኤርፕሌይ ሊሆን ይችላል፣ 5001 ተጠቀም።

ከደብረ ማርቆስ፦ ኔት በጠፋ ቁጥር ሥራ መፍታት ሰለቸኝ፣ ያለ ኔት ይሠራል ወይ?
ይሠራል እንጂ፣ ሰርቨሩም ብራውዘሩም እዛው ላፕቶፕህ ውስጥ አይደሉ እንዴ። ሚያስቸግርህ ፒፕ ኢንስቶል (የፓይተን ላይብረሪ መጫኛው) ነው፣ ስለዚህ ኔት ባለ ቀን ሚያስፈልግህን በፒፕ ዳውንሎድ አውርደህ አስቀምጥ። ቡትስትራፕንም (የገጽ ዲዛይን ማሳመሪያውን) ከሲዲኤን፣ ማለትም ከኔት ላይ፣ ምትጠራ ከሆነ ፋይሉን ስታቲክ ፎልደር ውስጥ ክተተው፣ አለዚያ ኔት ሲሄድ ዲዛይኑም አብሮ ይሄዳል።

ከቡሬ፦ አያ፣ አጎቴ እህል ነጋዴ ነው፣ የዱቤ መዝገብ ሠርቼለት ቪፒኤስ (ኔት ላይ ያለ የኪራይ ሰርቨር) ላይ ጫንኩት፣ ተርሚናሉን ስዘጋው ይሞታል። እንዳይሞት ምን ላርግ?
የላክልኝን ስክሪንሾት አየሁት፣ ሆስቱ 0.0.0.0፣ ከታች ደግሞ «ዲበግ ሞድ ኦን» (የስህተት መፈለጊያው በርቷል) ይላል። ወንድሜ፣ መሞቱ ነው እኮ ያዳነህ! ዲበግ በርቶ ኮዱ ሲሳሳት ብራውዘሩ ላይ ፓይተን ሚጻፍበት ኮንሶል ይመጣል፣ ፒን ይጠይቃል ግን በሱ ተማምኖ ሚተኛ የለም፣ ፒኑን ያለፈ ሰው ሰርቨርህ ላይ ያሻውን ያስኬዳል። መዝገቡ ላይ ደግሞ ማን ስንት ኩንታል በቆሎ በዱቤ እንደወሰደ ከነስልኩ ነው ያለው። ያ በቀይ ሚጻፈው፣ ሁላችንም እንደ ማስታወቂያ ምናልፈው ማስጠንቀቂያ፣ ይሄ ለመሥሪያ ጊዜ ብቻ ነው፣ ሰው ሚጠቀምበት ቦታ አታውሉት ነው ሚልህ። አንዱ ኖሀፕ (ተርሚናሉ ቢዘጋም እንዳይሞት ሚያደርገው ትዕዛዝ) አርግበት ብሎህ ይሆናል፣ እሱ ያንኑ ክፍት ነገር ቀንና ሌሊት ክፍት ማድረግ ነው። ይልቅ ዛሬውኑ ዲበጉን አጥፋ፣ በፍላስክ ራን ፈንታ ለእውነተኛ ሥራ የተሠራውን ሰርቨር ጉኒኮርንን 127.0.0.1 ላይ አስነሳ (እሱም እኮ አንድ መስመር ነው)፣ ከፊቱ ከውጪ ሚመጣውን ጥያቄ ሚቀበለውን ኢንጂንኤክስን ከነኤችቲቲፒኤሱ አቁም፣ ሲወድቅም ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳም መልሶ እንዲያስነሳው ለሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞችን ሚያስተዳድረው) ስጠው። ፓስወርድ የሌለው ገጽ ካለህ እሱንም ዝጋ፣ ባክአፕም ያዝ። ከዛ ሰርቨር ሚያስተዳድር ሰው ፈልገህ አሳየው፣ ይሄን ለወጉ አይደለም ምለው፣ የሰው ዕዳ ስለሆነ ሳይታይ አጎትህ አንድ ስም እንዳይመዘግብበት።

ባህር ዳር ፖሊ ያለ ልጅ፦ ፒኤችፒ ለመማር ዛምፕ (ፒኤችፒን ከሰርቨርና ከዳታቤዝ ጋር አንድ ላይ ሚጭነው) መጫን ግድ ነው?
አይደለም። ከ5.4 ወዲህ፣ ማለትም ከ2012 ጀምሮ፣ ፒኤችፒ የራሱ ሰርቨር አለው፦ ፒኤችፒ ብለህ፣ ሰረዝና ትልቁን ኤስ፣ ከዛ ሎካልሆስት ኮለን 8000። ዳታቤዙ፣ ማይኤስኪውኤል፣ ካስፈለገህ ለብቻው ትጭናለህ። ይሄም ለልምምድ ብቻ ነው፣ ከቡሬው ልጅ ተማር። መምህርህ ዛምፕ ካለ ግን ዛምፕ ነው፣ ማርክ ሚሰጠው እሱ ነው።