የታዳሚ መስመር ለምን በአውቶቡስ አልተተካም?
ከጎርፉ በኋላ በጃፓን የሚገኘው የታዳሚ የባቡር መስመር ለምን እንዳልተዘጋ ለጠየቁት፦ ከአይዙዋካማትሱ እስከ ኮይዴ 135.2 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው ይህ ነጠላ ሐዲድ የኤሌክትሪክ ገመድ ስላልተዘረጋለት፣ መንገደኛ የሚያመላልሱት በናፍጣ የሚሠሩ አጫጭር ባቡሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 የጣለው ከባድ ዝናብ ድልድዮችን ጠራርጎ በመውሰዱ፣ በአይዙካዋጉቺና በታዳሚ ጣቢያዎች መካከል ያለው 27.6 ኪሎ ሜትር ለአሥራ አንድ ዓመታት ያህል ተቋርጦ ሕዝቡ በአውቶቡስ ተጓጓዘ። የባቡር ኩባንያው ጄአር ምሥራቅ አውቶቡሱ በቋሚነት እንዲቀጥል ቢፈልግም፣ የፉኩሺማ ክፍለ ግዛት አስተዳደር ሐዲዱን በባለቤትነት ተረክቦ ጥገናውን ሊሸፍን፣ ኩባንያው ደግሞ ባቡሩን ብቻ ሊያንቀሳቅስ ተስማሙና አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2022 እንደገና ተጀመረ። በእኔ እምነት ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ታዳሚን ከጎረቤቱ የኒጋታ ክፍለ ግዛት የሚያገናኘው 252 ቁጥር አውራ ጎዳና፣ ድንበሩ ላይ በበረዶ ምክንያት ክረምቱን ስለሚዘጋ፣ ያኔ በዚያ አቅጣጫ ለነዋሪው የሚቀረው ባቡሩ ነው።