ጎረቤቴ በአንድ ገጽ ያሰላው ስሌት ይታመናል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጂ+7 ሕንፃ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ አምፖላችን ተወዛወዘ፤ ግራውንድ ያሉት ባለሱቆች ግን ምንም አልተሰማንም አሉ። መሐንዲስ ጎረቤታችን በአንድ ገጽ ወረቀት አስልቶ «ሕንፃው ይችለዋል» አለን። ያለ ኮምፒዩተር ይህን ማወቅ ይቻላል?
አንባቢ፣ ከአያት

መልስ፦ እህቴ፣ ይቻላል። እኔ ራሴ የኮምፒዩተርን ውጤት የማምነው በእጄ ካሰላሁት ጋር ሲቀራረብ ነው።

መጀመሪያ የሚፈለገው ሕንፃው አንዴ ወዲያ ወዲህ ለመወዛወዝ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ለኮንክሪት ፍሬም፣ ማለትም የኮንክሪት ኮለን (ምሰሶ) እና ቢም ለሚሸከመው ሕንፃ፣ በግምት የወለሉን ቁጥር ለ10 ማካፈል ይበቃል፤ የእናንተ 8 ወለል ነውና 0.8 ሰከንድ። በአገራችን የሕንፃ ኮድ ያለው ቀመር፣ ቁመቱን በሦስት አራተኛ ፓወር ከፍ አድርጎ በ0.075 ማባዛት፣ ለ24 ሜትር ሕንፃ ያንኑ ይሰጣል። ፈንታሌ ከአዲስ አበባ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ፈጣኑ ንዝረት መንገድ ላይ ይከስማል፣ ዘገምተኛው ግን ይደርሳል። ፎቅ የሚያወዛውዘው እሱ ነው።

ቀጥሎ ክብደት። አንዱ ወለል 300 ካሬ ቢሆንና ካሬውን 1 ቶን ብንይዘው 2,400 ቶን ይሆናል። ኮዱ እንደ መወዛወዣ ጊዜው፣ እንደ አካባቢው የመሬት መንቀጥቀጥ ዞንና እንደ አፈሩ ከዚህ የተወሰነ እጅ በጎን እንደሚገፋ ያስቆጥራል፤ ለምሳሌ 5 በመቶ ብንል 120 ቶን። ግፊቱ ወደ ላይ እየበዛ ይከፋፈላል፦ ጣሪያው ስላብ ላይ 27 ቶን ገደማ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ 3 ቶን ገደማ። መወዛወዙ እናንተ ጋ በረታ እንጂ የ120ውን ድምር የሚችሉት ባለሱቆቹ ጋ ያሉት ኮለኖች ናቸው።

የሚያሳስበኝም እዚያ ነው። ይህ ስሌት የሚያዋጣው ሕንፃው ከታች እስከ ላይ ወጥ ሲሆን ብቻ ነው። ላይኞቹ ፎቆች በብሎኬት ተሞልተው ግራውንዱ መስታወት ብቻ ከሆነ፣ መተጣጠፉ ሁሉ እዚያች አንድ ወለል ላይ ይወድቃል፤ ቀመሩ ይህን አያይም። ሊፍቱና ደረጃው አንድ ጥግ ከተገፉ ደግሞ ሕንፃው ይጠመዘዛል። እንዲህ ከሆነ ሙሉ ትንተና ያስፈልጋል።

ስለዚህ ጎረቤትዎን የስትራክቸር ድሮዊንጉን ይዞ ግራውንድ እንዲወርድ ይጠይቁት። የኮለኑን ወርድ ይለካ፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ስታፋው (ቋሚ ብረቶቹን ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀጭን ብረት) በየስንት ሴንቲ እንደታሰረ ከድሮዊንጉ ይይ። ባለሱቅ «ግድግዳ ላፍርስ» ካለም ማኅበራችሁ ያለ መሐንዲስ ፊርማ አይፍቀድ።