የአያቴን የውትድርና ማስረጃ የት ላግኝ? ጥያቄና መልስ

በቤተሰባቸው ውስጥ ስለነበረ ወታደር የሚጠይቁኝ ሰዎች በዝተዋል። ደስ ይለኛል። የመጡትን ጥያቄዎች እነሆ።

ጥያቄ፦ አያቴ ኮሪያ ዘምተዋል ይባላል። እጃችን ላይ ያለው አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከፎቶው ጀምሪ፣ እህቴ። መጀመሪያ ጀርባውን ገልብጪ። «ኮሪያ፣ ጥር 45 ዓ.ም.» የሚል ጽሑፍ ካገኘሽ ግማሹን መንገድ ሄድሽ ማለት ነው። ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ የላከችው ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ፣ በየዓመቱ ገደማ ይቀያየር ነበር። የመጀመሪያው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሣ። ሁለተኛው በመጋቢት 1944 ኮሪያ ደረሰ፤ ሦስተኛው በሚያዝያ 1945 ተካው። ስለዚህ ጥር 45 ከሆነ አያትሽ የሁለተኛው ቃኘው ሰው ናቸው። ቀጥሎ ትከሻቸውን እዪ። ቀይ ክብ ላይ ሁለት ጥቁር ሦስት ማዕዘኖች ጫፍ ለጫፍ ገጥመው ከታዩሽ፣ ያ ቃኘው አብሮት የተዋጋው የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ዓርማ ነው። ይህን ይዘሽ ወደ ኮሪያ ዘማቾች ማኅበር ሂጂ። ባዶ እጅ ከመሄድ በጣም ይለያል።

ጥያቄ፦ ያለሁት አሜሪካ ነው። የአያቴ ፋይል እዚህ ይኖራል?

መልስ፦ የግል ማኅደራቸውን እዚያ አትፈልግ፤ ሴንት ሉዊስ ያለው መዝገብ የአሜሪካ ወታደሮች ነው። ግን ሌላ ሀብት አለ። ቃኘው የተመደበው በ7ኛው ክፍለ ጦር ሥር ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ነበር። የእነዚህ ክፍሎች የጦር ሜዳ ሪፖርቶች ሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። የአያትህን ስም ባታገኝ እንኳ ሻለቃቸው የት ኮረብታ ላይ እንደነበረ ታነባለህ። ለእኔ ይህ ከአንድ ወረቀት በላይ ነው።

ጥያቄ፦ በፈረንጆች የተዘጋጀ የዘማቾች ስም ዝርዝር አገኘሁ፤ የአባቴ ስም ግን የለም።

መልስ፦ ተስፋ አትቁረጥ፤ በሌላ መልክ ፈልግ። ፈረንጆች የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥረው ያስቀድማሉ። «ገብረ ሥላሴ»ን ለሁለት ከፍለው «ሥላሴ» በሚለው ይመዘግባሉ። ዓመቱም ያሳስታል፤ እኛ 1945 የምንለው ለእነሱ ከመስከረም 1952 እስከ መስከረም 1953 ነው።

ጥያቄ፦ አጎቴ በደርግ ጊዜ ወደ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም። ሠራዊቱም በ1983 ተበተነ። ምን ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ አይዞሽ። ይህ ከሁሉም ከባዱ ነው፣ ምክንያቱም ቤተሰቡ እርሙን ገና አላወጣም። ቤት ውስጥ የቀረ ደብዳቤ ካለ ፖስታውን ጭምር አስቀምጪ፤ ክፍለ ጦሩን ወይም ብርጌዱን የሚጠቁም ነገር አይጠፋውም። ሚስቱ ወይም ልጆቹ ጡረታ ተቀብለው ከሆነ የጡረታ ደብተሩን ፈልጉ። ጡረታ የሚሰላው በአገልግሎት ዘመንና በደመወዝ ስለሆነ ፋይሉ ውስጥ ይህ ሁሉ አለ። ለመከላከያ ስታመለክቺ ዝምድናሽን የሚያሳይ ማስረጃ ያዢ። ተማርኮ ነበር የሚል ወሬ ካለ ደግሞ ቀይ መስቀል የጠፉ ቤተሰቦችን ፍለጋ ሥራ አለው፤ እዚያም አመልክቺ።

ጥያቄ፦ ኮንጎ የዘመተስ?

መልስ፦ ዘመቻው በተባበሩት መንግሥታት ሥር ስለነበር የድርጅቱ ቤተ መዛግብት ኒውዮርክ ነው። ከ1960 እስከ 1964 ባለው በፈረንጅ ዓመት ፈልግ።

ጥያቄ፦ ከአባቴ ጋር አብረው የዘመቱ አንድ ሽማግሌ አግኝቻለሁ። ምን ልጠይቃቸው?

መልስ፦ ነገ ዛሬ ሳትል ሂድ። «አባቴን ያውቁታል?» ብለህ አትጀምር። ሻምበላቸውን፣ አዛዣቸውን፣ የት እንደሰለጠኑ፣ ከማን ጋር አንድ ድንኳን ውስጥ እንዳደሩ ጠይቃቸው። ሲፈቅዱልህ በስልክህ ቅዳ። ፎቶውንም ይዘህ ሂድና ከአባትህ ጎን የቆሙትን አንድ በአንድ አሳያቸው።