እርሾውን አትክሰሺ፣ የደሴ ብርድ ነው

እታለም፣ ጥያቄሽን ሳነብ ራሴን አየሁት። ዩቲዩብ ላይ አይተሽ ያንን በድስት የሚጋገር፣ ቅርፊቱ የሚንኮሻኮሽ ዳቦ ሞከርሽ። በተባለው መሠረት ቡኮውን ሁለት ሰዓት አቆየሽ። ቴርሞሜትር ሰክተሽ ውስጡ 98 ዲግሪ እስኪደርስ ጠበቅሽ። ላዩ ከሰል ሆነ፣ በትኩሱ ስትቆርሺው ውስጡ ሊጥ። «እርሾው ተበላሽቶ ይሆን?» ነው ያልሽው። አይመስለኝም።

እኔ መጋገር የጀመርኩት ኮምቦልቻ ነው። እዚያ ቡኮው በሁለት ሰዓት ኩፍ ብሎ ከሳህኑ ሊወጣ ይደርስ ነበር። ደሴ ስንገባ ያንኑ ዱቄት በዚያው ልክ አቦካሁ። ዳቦው ድንጋይ ሆነ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ባለቤቴ «ለአጥሩ መሠረት ይሆነናል» አለ፤ ይቺን እስከ ዛሬ ይዤለታለሁ። ከኮምቦልቻ ደሴ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሽቅቡ ግን 600 ሜትር ገደማ ነው፣ ብርዱም አብሮ ይወጣል። እርሾ ነፍስ ያለው ነገር ነው። ሲበርደው ያንቀላፋል እንጂ አይሞትም።

ስለዚህ ሰዓቱን ተይና ቡኮውን እዪ። እጥፍ ሊሆን ሲቃረብ ጣትሽን ዱቄት አስነክተሽ ጫን አድርጊው። ጉድጓዱ ወዲያው ከሞላ ገና ነው። ቀስ ብሎ በከፊል ከተመለሰ ደርሷል። ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል። እኔ ቤት በኅዳር ብርድ አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል። አሁን አሁንማ ማታ አቡክቼ ነው የምተኛው። ለአንድ ኪሎ ዱቄት 700 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 20 ግራም ጨው፣ ደረቅ እርሾ ግን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ። ጠዋት ስከፍተው ሽታው ብቻ ያጠግባል፣ ወላሂ። እናቴም ለድፎ ዳቦ ማታ አቡክታ በጋቢ ትጠቀልለው ነበር፤ ያኔ ዳቦው የታመመ ይመስለኝ ነበር።

ያረረው ደግሞ በቴርሞሜትሩ ነው። ደሴ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የዳቦው ውስጥ እርጥብ ስለሆነ ከዚያ አያልፍም። አንቺ 98ን ስትጠብቂ ቅርፊቱ እየነደደ ነበር። ያ ቁጥር በባሕር ጠለል ለሚኖር ሰው ነው። 90 ሲደርስ አውጪው፣ ገልብጠሽ ቂጡን አንኳኪ። እንደ ከበሮ ካስተጋባ በስሏል። ከዚያ ቢያንስ አንድ ሰዓት አትንኪው! ውስጡ የሚረጋው ሲቀዘቅዝ ነው። እዚህ ላይ እኔም እስከ ዛሬ እሸነፋለሁ፣ በተለይ ቡና ከተፈላ።

መብራት ድንገት ቢሄድ አትደንግጪ። ወፍራም የብረት ድስት ካለሽ ከሰል ላይ ጣጂው፣ ክዳኑ ላይም ፍም በትኚበት። እንደ ድፎ ማለት ነው። ከሥሩ ስስ እሳት ይበቃዋል፣ በዛ ካለ ቂጡ ያራል። ኮባ ካገኘሽ አንጥፊለት፤ እኔ እንዲያውም ከኦቨኑ ይልቅ ይሄኛው ይጥመኛል።

ዱቄትሽ ግን ፉርኖ ነው ወይስ ወፍጮ ቤት ያስፈጨሽው? ያስፈጨሽው ከሆነ ውሃ ይጠጣል፣ 700 አይበቃውም። ንገሪኝና ልኩን እጽፍልሻለሁ።