ዋናው ቅጂ ሳይነካ ይቀመጥ

በድምፅ ቅንብር ሥራ ለተሰማራችሁ ወጣቶች፤

እኔ ሙያውን የጀመርኩት በካሴት ዘመን ነው። ያኔ ካሴት ከካሴት በተገለበጠ ቁጥር ሽሽታው እየጨመረ ስለሚሄድ፣ ጉዳቱን ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማው ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ ግን «ዲጂታል አያረጅም» የሚለውን ወሬ አምኜ ተዘናጋሁ። አንድ አዛውንት በገና የደረደሩበትን ካሴት ገልብጬ፣ ቦታ ለመቆጠብ ስል ኤምፒስሪ በሚባለው አነስተኛ የድምፅ ፋይል አስቀመጥኩትና የመጀመሪያውን የዌቭ ፋይል፣ ማለትም ድምፁ ሳይታመቅ የተቀመጠበትን፣ አጠፋሁት። ከዚያ አንዴ ሳላቸውን ለመቁረጥ፣ አንዴ ድምፁን ከፍ ለማድረግ፣ አንዴ መግቢያውን ለማሳጠር እየከፈትኩ መልሼ በኤምፒስሪ ሳስቀምጠው፣ ከጅማቱ ሥር የሚገባው ቆዳ የሚሰጠው ያ የበገና ንዝረት ውኃ ውስጥ የገባ መሰለ። ወደ ካሴቱ ልመለስ ብል ባለቤቶቹ ሌላ ነገር ቀድተውበታል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኤምፒስሪ ፋይሉን የሚያሳንሰው ጆሮ አይለየውም ብሎ የገመተውን እየጣለ ሲሆን፣ ባስቀመጣችሁት ቁጥር ደግሞ እንደገና ይጥላል። መልሳችሁ ወደ ዌቭ ብትለውጡት ፋይሉ ይወፍራል እንጂ የተጣለው አይመለስም። ስለዚህ ዋናውን ቅጂ በዌቭ፣ ቢቻል የድምፁን ከፍታና ዝቅታ ይበልጥ አጥርቶ በሚመዘግበው በ24 ቢት አስቀምጡ፤ ቅንብሩን በግልባጩ ላይ ሥሩ፤ ኤምፒስሪ የሚወጣው ሁሉም ካለቀ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን። በሲዲ ጥራት የተቀመጠ የስቴሪዮ ዌቭ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ፣ በ128 ኪሎቢት የወጣ ኤምፒስሪ ደግሞ 1 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ቦታ ከጠበባችሁ ፍላክ የሚባል የፋይል ዓይነት አለላችሁ፤ ከድምፁ ምንም ሳይጥል ፋይሉን ያሳንሳል።

ስትቀዱም ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ፣ ማለትም መቅጃው ከሚችለው ጣሪያ፣ በታች 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) አካባቢ እንዲቆም አድርጉ፤ ጣሪያውን አልፎ ጫፉ የተቆረጠ ድምፅ በኋላ ዝቅ ቢደረግም እንደተቆረጠ ይቀራል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሽሽታን ከቅጂው የሚያጠፋው የኮምፒውተር መሣሪያ፣ የጫጫታ ማጽጃው ነው። በእንግሊዝኛ ድምፅ ላይ በታየ መመሪያ ልኩን አስተካክሎ በአማርኛ ንባብ ላይ መጫን የተለመደ ሆኗል። የእኛ «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ቀ» ከአጭር ዝምታ ቀጥለው የሚፈነዱ ድምፆች ስለሆኑ፣ ማጽጃው ሲበዛ ፍንዳታቸውን ይበላዋል፤ ተራኪዋም አፏ የደነዘዘ ትመስላለች። እኔ «ጨቅላው ጥጃ ጠጣ» የመሰለ ዐረፍተ ነገር መርጬ፣ ከማጽዳቴ በፊትና በኋላ በጆሮ ማዳመጫ አነጻጽራለሁ፤ ከተጠራጠርኩ ጥቂት ሽሽታ እተዋለሁ።

ለፋይሉም የተቀዳበትን ቀንና «ዋና» የሚል ስም ስጡት። በእኔ ኮምፒውተር «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «በቃ የመጨረሻ» የሚሉ ፋይሎች ሞልተዋል፤ የትኛው ከየትኛው እንደተወለደ ዛሬ እኔም አላውቅም።