«ቆርቤ ነበር፤ አመሌ ግን አልለቀቀኝም»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የሚኒባስ ሾፌር ነኝ፤ ዕድሜዬ 36 ነው። ዓምና በፍልሰታ ንስሐ ገብቼ፣ ቀኖናዬን ጨርሼ፣ ከባለቤቴ ጋር ቆረብን። ትልቅ ሰላም አገኘሁ። በሦስተኛው ወር ግን በአምስት ብር መልስ ከአንድ ተሳፋሪ ጋር ተጣልቼ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ እናቱን ሰደብኩት። ከዚያ ወዲህ ጠባዬ እንደ ድሮው ሆኗል። «በክርስቶስ ያለ አዲስ ፍጥረት ነው» ይባላል፤ እኔ ግን ያው እኔ ነኝ። ጓደኛዬ «በሕፃንነትህ የተጠመቅከውን አታውቀውም፤ ለጥምቀት ጃን ሜዳ ሄደህ እንደ አዲስ ተጠመቅ፣ ያኔ ትታደሳለህ» አለኝ። እውነት ነው? ወይስ ንስሐዬ ከመጀመሪያውም አልሠመረም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የመጠመቁን ነገር በአጭሩ ልመልስልህ። አይሆንም።

ጥፋቱ በከፊል የቋንቋችን ነው። ጠበል ደርሰን ስንመለስ «ተጠመቅሁ» እንላለን። ጥር 11 ቀን ውኃ ሲረጨንም «ተጠመቅሁ» እንላለን። በ40 ቀናችን ክርስትና የተነሣነውንም እንደዚያው። ቃሉ አንድ ነው፣ ነገሩ ግን ሦስት። የእግዚአብሔር ልጅነት የሚያሰጠው የመጨረሻው ብቻ ነው፤ እሱም አይደገምም። በየቅዳሴው «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት ለሥርየተ ኃጢአት» የምንለው ለዚህ ነው፤ ኃጢአት በሚሰረይባት በአንዲት ጥምቀት እናምናለን ማለታችን ነው። ጃን ሜዳ ሂድ፣ ተረጭ፣ ደስ ይበልህ፣ በረከት ነው። ሁለተኛ ልደት ፍለጋ ግን አትሂድ። ሃይማኖቱን ክዶ የተመለሰ ሰው እንኳ ጸሎተ ቄደር የሚባለው የመንጻት ጸሎት ይደረስለታል እንጂ ዳግመኛ ክርስትና አይነሣም። አንተ ደግሞ አልካድክም፤ ተሳደብክ እንጂ።

ያሳሰበችኝ «እኔ ግን ያው እኔ ነኝ» ያልካት ናት። ይህችን ቃል ስንቱ ነግሮኛል መሰለህ! አንዱ እንደ አንተ እያዘነ ይላታል። ሌላው ደረቱን ነፍቶ «መምህር፣ እኔ ቁጡ ነኝ፣ ተፈጥሮዬ ነው፣ ሰው እንደዚሁ ይቻለኝ» ይላል። ሁለቱ የማይገናኙ ይመስላሉ። ስሕተታቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም አመላቸውን ማንነታቸው አድርገውታል።

አመልና ባሕርይ ለየቅል ናቸው። እግዚአብሔር «ሰውን በመልካችን እንደ ምሳሌያችን እንፍጠር» ሲል አንተም እዚያ ውስጥ ነበርክ። ስድቡን የለመድከው መናኸሪያ ነው። የተለመደ ነገር ደግሞ ይተዋል፤ ቶሎ አይሁን እንጂ።

በማገለግልበት ደብር አንድ የቆየ የእመቤታችን ሥዕል ሲጠገን አይቻለሁ። የጧፍ ጢስና ዕጣን ዓመት በዓመት እያጠቆረው፣ ፊቷ ከልብሷ የማይለይበት ደረጃ ደርሶ ነበር። እኔ «አዲስ ቢሳል ይሻላል» ባይ ነበርኩ። ጠጋኙ ግን በቀጭን እንጨት ጫፍ ጥጥ ይጠቀልላል፣ ያረጥባል፣ ጥፍር የምታህል ቦታ ቀስ አድርጎ ያብሳል። ጥጡ ይጠቁራል፤ ይጥለውና ሌላ ይጠቀልላል። ግማሽ ቀን ሠርቶ አንድ ዐይን አወጣ። አንድ ዐይን ብቻ! በማግስቱ ጠዋት ስገባ ያቺ ዐይን ከዚያ ሁሉ ጥቀርሻ መሀል ታየኛለች።

አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የላከልን ቅዱስ አትናቴዎስ የሰውን መታደስ ሲያስረዳ ወደዚህ የሚቀርብ ምሳሌ አለው። በእንጨት ላይ የተሳለ መልክ ቢበላሽ እንጨቱ አይጣልም፤ የመልኩ ባለቤት ዳግመኛ መጥቶ በዚያው እንጨት ላይ ይታደሳል ይላል። ጌታ ሥጋችንን ለብሶ የመጣው ሊያድሰን ነው። እንጨቱ አንተ ነህ፤ ያው እንጨት። ሌላ ሰው ሁን ያለህ የለም።

በነገራችን ላይ «መታደስ» የሚለው ቃል ሲነሣ ፊቱ የሚለዋወጥ ምእመን አለ። «ተሐድሶ» የሚባለውን እንቅስቃሴ ስለሚያስታውሰው ነው፤ ይገባኛል። ቢሆንም ቃሉን ለማንም አንለቅም። ዳዊት በ50ኛው መዝሙር «ወመንፈሰ ርቱዐ ሐድስ ውስተ ከርሥየ» ይላል፤ የቀናውን መንፈስ በውስጤ አድስ ማለቱ ነው። ይህን ሲለምን ንጉሥ ነው፣ ነቢይ ነው፣ በሳሙኤል እጅ ዘይት የፈሰሰበት ሰው ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ወደቀ። ግን «እንደገና ልቀባ» አላለም።

«አዲስ ፍጥረት ነው» ያለው ጳውሎስም ከዚያው በፊት ባለው ምዕራፍ «የውስጡ ሰውነታችን ዕለት ዕለት ይታደሳል» ብሏል። አንተ አንዱን ይዘህ አንዱን ዘለልክ። ጴጥሮስን እይ። በገረድ ፊት ፈርቶ ጌታውን ካደ። መንፈስ ቅዱስ ከወረደለትም በኋላ፣ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ አንጾኪያ ላይ ከአሕዛብ ማዕድ ሸሸ። ያችው ፍርሃት ናት! ጳውሎስ ፊት ለፊት ገሠጸው። እንደገና ተጠመቅ ያለው ግን የለም።

ሰኔ 24 የምናስበው ሙሴ ጸሊም ደግሞ ሽፍታ ነበር፣ ጉልበቱ የሚፈራ። ከመነኮሰ በኋላ አራት ሌቦች በዓቱ ገቡበት። ብቻውን አሰራቸውና ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸው። ሰው መጉዳት ለእኔ አልተፈቀደም፤ ምን ላድርጋቸው ብሎ አባቶችን ጠየቀ። ጉልበቱ አልጠፋም። የድሮው ጉልበት ነው፤ ማንንም አልመታበትም እንጂ። ያንተም ኃይለኝነት ምናልባት አንድ ቀን ተሳፋሪ የሚያንገላታን ሰው «ተው!» የሚልበት ይሆናል።

አሁን አንድ ነገር በግልጽ ልጠይቅህ። ከዚያ ቀን ወዲህ ንስሐ አባትህን አግኝተሃል? በጥያቄህ ውስጥ አላነሣሃቸውም። አፍረህ የቀረህ ይመስለኛል። የጎዳህ ስድቡ ብቻ አይደለም፤ ከስድቡ ይልቅ ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። ስድቡ ያንድ ደቂቃ ነበር፤ ዝምታው ግን ጠባይህን እንደ ድሮው እስኪያደርገው ቆየ። ይህን የምልህ ልቆጣህ አይደለም፤ ግን ልሸፍንልህም አልችልም።

ተሳፋሪውን ዛሬ አታገኘውም። ረዳትህ ግን ሰምቷል። ነገ ጠዋት ሥራ ሳትጀምሩ «ያን ቀን አጥፍቻለሁ» በለው። ይከብዳል፤ ቢስቅብህም በለው። ከዚያ ለንስሐ አባትህ ደውል። ስትደውል የክርስትና ስምህን ንገራቸው። ብዙ የንስሐ ልጆች ስላሏቸው በድምፅ ላይለዩህ ይችላሉ፤ በዚያ ስም ግን ያውቁሃል።